ከውርጌሳ ቀጥሎ

«በሩን ቆልፈሻል?»
ቆልፌያለሁ።
ሦስቴ ጠየቀኝ፣ ሦስቴ መለስኩ፣
በአራተኛው ዝም አልኩ፤
ተነሣሁና መቀርቀሪያውን በእጁ አስነካሁት።
ለጆሮው የነገርኩት ያልፋል፣
ለመዳፉ ያልኩት ትንሽ ይቆያል።

አራጋው የሚኒባስ ሹፌር ነበረ፣
ደሴ ወልድያ፣ ዐሥራ አራት ዓመት፤
ኩርባውን ከነጉድጓዱ፣
ተሳፋሪውን ከነዱቤው
ሳይጽፍ የሚይዝ ሰው።
አሁን ስኳር ግዛ ብዬ ብልከው
ፒያሳ መሀል ቆሞ ደወለልኝ፦
«ጦይባ፣ ምን ልገዛ ነበር የወጣሁት?»
ከጥያቄው ሐፍረቱ ይከብድ ነበር።
ስኳር፣ አልኩት። ቀስ ብዬ።
ቀስ ማለትንም ተምሬው ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሐኪሟ ዘንድ እንሄዳለን።
ሦስት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ መስኮት፣
በመስኮቱ ጦሳ፣ ጉሙን እስከ አንገቱ ለብሶ።
«አትቸኩል» ትለዋለች፣ «ከደሴ ተነሣና መንገዱን ንገረኝ።»
ይነሣል።
ሐይቅ፣ ይላል፤ የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ።
ውጫሌ፣ ይላል፤ ጎማ የሚለጥፍ ልጅ አለ፣ ሒሳብ አልቀበልም የሚለኝ።
ውርጌሳ፣
ይላል፤
እጁ አየር ላይ መሪ ይፈልጋል፣
እግሩ ሲሚንቶውን እንደ ፍሬን ይረግጣል።
«ለዛሬ እዚህ ይበቃናል።»
ከውርጌሳ ቀጥሎ ያለችው ከተማ መርሳ ናት፤
አንዲት «ት» ቢቀጥሉባት
የቤታችን ስም ትሆን ነበር።

እዚያ መንገድ ላይ ምን እንዳየ አልነገረኝም።
ግማሹን ሐኪሟ ታውቃለች፣
ግማሹን ትራሱ።

አንዷ ዱዓ አስደርጊለት ትለኛለች፣ አንዷ ጠበል።
ሁለቱንም አደረግሁ፤
ማክሰኞንም አልዘለልኩም።

በረዶ ቆርቆሯችንን የደበደበው ለት
አልጋ ሥር አገኘሁት።
ና ውጣ አላልኩትም፤ እኔም ገባሁ።
ጠባብ ነው፣ አቧራ ነው፣
ከፋሲካ በፊት የጠፋች ካልሲ አገኘሁ።
ሐኪሟ እንዳስጠናችን
«የምታየውን አምስት ነገር ንገረኝ» አልኩት።
«የአልጋ እግር።
የአልጋ እግር።
የአልጋ እግር።
የአልጋ እግር።
አንቺ።»

እትየ ደብሪቱ «አንቺስ ጻድቅ ነሽ» ትለኛለች።
ያላየችው አለ፦
አንድ ማታ ድስት ወርውሬያለሁ፤
ባዶውን፣ በዚህ ኑሮ ሙሉ ድስት ማን ይወረውራል፤
ድምፁ ለእሱ ምን እንደሆነ እያወቅሁ
ወርውሬያለሁ።
ሁለታችንም ሳንተኛ ነጋ።
ጠዋት እሱ ረሳው።
እኔ ግን የሁለት ሰው ማስታወስ
ብቻዬን ተሸክሜ ሻይ ጣድኩ።

እንዳይረሳ የሚጽፍባት ደብተር አለችው።
አላነባትም ነበር።
ትናንት ጃኬቱን ላጥብ ሳነሣ
ከኪሱ ወደቀች፣ ተከፍታ ወደቀች፦
«ኪኒን፣ ከራት በኋላ።
ስኳር፣ ተገዝቷል።
ጦይባ ደክሟታል።
በሩን ሁለቴ አትጠይቃት።»
ቀን የለውም።
መጻፉንም አያስታውስ።

ዛሬ ማታ መብራት አጥፍተን
«በሩን ቆልፈሻል?» አለኝ።
ቆልፌያለሁ።
ቆየ።
ትንፋሹ ሁለተኛውን ጥያቄ ይዞ
ጉሮሮው ላይ ሲቆም ሰማሁት፤
ዋጠው።

ሳይጠይቀኝ ተነሣሁና
መቀርቀሪያውን፣ እንዲሰማው፣
አንዴ ሳብ መለስ አደረግሁለት።