በሃያሷ በር ላይ

ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ከአቡዳቢ ስነሳ
አስር ሰው ጭኛለሁ፣ ከነብርድ ልብሱ፣ ከነምሳ፤
ቴሌስኮፑን ብቻ እንደ አራስ ጠቅልለው
መሐል ወንበር ላይ በቀበቶ አስረው አስቀምጠው፣
"ጉድጓድ ሲኖር ቀስ በል!" ይሉኛል ደጋግመው።
ለሰው እንኳ አያውቁም እንዲህ ተጨንቀው።

ፊት ወንበር ኡስታዝ ኸልፋን፣ የጂኦግራፊ መምህር፣
ጡረታ ወጥቶም ሰማዩን እንደ ሰፈሩ መንገድ የሚዘረዝር፤
ኋላ ራጋቫን፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ፣
ሦስት ግርዶሽ በደመና ያጣ፣ ለአራተኛው ያልተኛ፤
ነርሷ ማሪቬል ከሌሊት ተራ በቀጥታ የመጣች፣
መስኮቱን ተደግፋ ያንኮራፋች።
የቀሩትን በስም አላውቅም፣
እነሱም እኔን አያውቁም፤
"ሾፌር" ይሉኛል፤ "አህመድ" ሲሉኝም
አቤት እላለሁ፣ አልከራከርም።

ሊዋ ስንደርስ አሸዋው እንደ ብረት ቀዝቅዟል፤
ከተምሩ እርሻ ዳር አቆምኩ። መነጽር ታደለ፣
ካርቶን ጠርዝ ያለው፣ አስር ለአስር ሰው።
እኔ የመኪናው ነኝ፤ እንደ ጎማው፣ እንደ ክሪኩ
የማልቆጠር።
"አደራ፣ በባዶ ዓይን ቀና እንዳትል!" አለኝ ኡስታዝ።
እሺ አልኩ። ትእዛዝ ነው ትእዛዝ።

ከዚያ ወጣች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ፣
ከሰው ፊት ላይ ፀሐይ አነባለሁ፤
ማሪቬል አፏን ያዘች፣
ራጋቫን ሁለት ጣቱን ግንባሩ ላይ ሰካ፤
ቀንድ አውጥታ ነው የወጣችው ለካ!
ሳቅኩ ለብቻዬ፤
ጨርቄን አነሳሁ፣ መኪና መወልወል ነው ሥራዬ።

አቧራ ለብሷል የሃያሷ ነጭ በር፤
ብርሃኑ ግን የሌላ ቀን ብርሃን አልነበር፤
ስስ ነው፣ ውሃ እንደበዛበት ወተት፤
የጥላዬ ጠርዝ የምላጭ ስለት።
ተምሩ ላይ ድንቢጦች ዝም አሉ። የሄደው ብርድ ተመለሰ።

ጨርቁን ላሳርፍ ስል እጄ ቆመ።
በተምሩ ቅጠል መሐል የሾለከው ብርሃን
ክብ፣ ክብ፣ ክብ፣
ከመስታወቱ እስከ ጎማው ቀለበት ብቻ፤
መሐሉ ጥላ፣ ዳሩ እሳት፣
ነፋስ ሲነካው አብሮ የሚርገፈገፍ፣
አንዱ ሌላው ላይ የሚያርፍ።
መቶ? ሁለት መቶ? ቆጥሬ አልጨረስኩም።
ለቪዛው ብዬ መርካቶ የሸጥኳት አንዲት ነበረች፤
ስንት እንዳወጣች አልናገርም፣ ቀጭን ነበረች።

ጮህኩ። በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ እንጃ።
አስሩም ዞሩ፣ መነጽሩን ግንባር ላይ ሰቅለው፣
ፀሐይን ከነክብሯ ከኋላ ጥለው
የኔን በር ሊያዩ መጡ።
ራጋቫን መዳፉን ዘረጋ፣ አራት ቀለበት አረፈበት፤
ሦስቴ ያመለጠው ሰው እጁን ጨበጠበት።
ማሪቬል የቀለበት ጣቷን ከአንዱ ክብ ጋር አስተካክላ
"ማን አገባኝ?" አለች፤ ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለች።

ሦስት ደቂቃ አልሞላም።
ቀለበቶቹ ሁሉ በአንድ ጎን ተሰበሩ።

ኡስታዝ ደብተር አወጣ፤ ሰዓቱን፣ ብርዱን፣ ነፋሱን ጻፈ፤
ከታዛቢዎች ስም ሥር አስሩን ደርድሮ አለፈ፤
ከዚያ እስክሪብቶውን አየር ላይ አቁሞ
"ስምህ ማነው?" አለኝ፤ "ሾፌር እንዳትለኝ ደግሞ።"
"ዳምጠው።" "ዳም…?" "ጠ! ጠ!" አልኩት።
"እሷ ፊደልማ እኛም ዘንድ አለች!" ብሎ ደስ አለው።
ከቀኝ ወደ ግራ ጻፈኝ፣ አስራ አንደኛ።

ያን በር ሳምንት ሙሉ ሳላጥብ ከረምኩ፤
አለቃዬ ሲቆጣ ሳሙና አለቀ አልኩ።

በክረምቱ ደግሞ የጨረቃ ተራ ደረሰ።
ኮርኒሹ ላይ፣ በወበቁ፣ ላባችንን እየጠረግን፣
ጨረቃ ስትቀላ እህቴ ዘንድ ደወልኩ።
"እዚህ ደመና ነው" አለች ዝናሽ፣ "አንተ አይተህ ንገረኝ፤
ምን ነካት?"
"ጥላ ነው" አልኳት፣ "የመሬት ጥላ፣
ከነተራራው፣ ከነባሕሩ፣ ከነሰዉ።"
"እንግዲያው እኔም አለሁበት?"
"አለሽበት" አልኳት።
"እስቲ ትንሽ ቀና በይ፣ ልይሽ።"