ለመሐል ሜዳ የተላከ ኢሜይል

ደብረ ብርሃን፣ ሁለተኛው ፎቅ፣ መስኮቱን ውርጭ ሲልሰው፣
አንድ ኢሜይል ይዤ ዋልሁ፣ እንደ ሙሽራ ስኩለው፣ ሳለብሰው።
ራስጌው ላይ ዓርማ፣ ግርጌው ላይ የበግ ሥዕል፣
«አስቸኳይ» የሚል ቃል፣ በቀይ የደመቀ ፊደል፣
በሰማያዊ ሠንጠረዥ ክትባቱ የሚሰጥበት ቀን፣
እሱንም ሥዕል አድርገን፣ ለዓይን እንዲመች ብለን።
ለሰባት ወረዳ ላክሁት፣ ወንበሬን ወደ ኋላ ለጥጬ፣
የእጄን ሥራ እያየሁ፣ የቀዘቀዘ ሻይ ጨብጬ።

በማግስቱ መልስ መጣ፣ ከመሐል ሜዳ፣ አንድ መስመር፦
«ስድስት ባዶ ሳጥን ደርሶናል። በየትኛው እንጀምር?»
ከሥሩ ስም ብቻ፦ ሸዋታጠቅ፣ የእንስሳት ሐኪም።
ዓርማ የለው፣ ቀለም የለው፣ «ከሰላምታ ጋር» እንኳ የለም።

ደወልሁለት፣ ተናድጄ። «ኔትወርካችሁ ነው» አልሁት።

«ኔትወርኩማ ጉም ነው፤ መጣ ሲሉት ይሄዳል፤
ፊደል ብቻ ቢሆን ግን በጉምም መሐል ያልፋል።
ሥዕልሽ መንገድ ላይ ነው፤ እሱን ሲል ቃሉም ቀረ፣
ሚዜውን ሲጠብቅ ሙሽራው ደጅ እንዳደረ።»

«ቁም ጸሐፊስ» አልሁት፣ «እዚያው እናንተ አገር፣ ብራናው ላይ፣
ለቅዱሳን ስም ሲደርስ ቀይ ቀለም አያነሣም ወይ?
ሐረግስ ከአናቱ አይስልም? ጌጥ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር?»

ዝም አለ።
ከስልኩ ማዶ አንድ በግ ሲያስል ሰማሁ።

«አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ» አለኝ። «ቀዩ ከጥቁሩ ጋር
አንድ ቆዳ ላይ ነው የሚያድር፤ አይቀርም በመንገድ ዳር።
ያንቺ ቀይ አብሮ አይመጣም፤ ‹ሄደህ ከላኪው አምጣ› ነው የሚለኝ፤
ሳመጣውም፣ በስንት ሰዓት እንደከፈትሁ ዞሮ የሚያወራብኝ።»

ይህን ማወቁ አሳፈረኝ። እውነት ነው፤ ከሥዕሉ ሥር
አንዲት ነጥብ ነበረች፣ ከጤፍ የምታንስ ምስጢር፣
ማን እንዳነበበ፣ ማን እንደናቀ፣ ለኛ የምትመሰክር።
አለቃዬ ነው ያስገባት፤ «ለሪፖርት» ብሎ።
እኔም «እሺ» ብያለሁ።

ደግሞስ ሁሉም እንደ እሱ አይደለም።
ከደብረ ሲና ወይዘሮ አጥናፍወርቅ፣ ለጡረታ ሁለት ወር የቀራቸው፣
«ዓይኔ ደክሟል፤ በትልቁ፣ በደማቁ ስለጻፍሽው ተባረኪ» ነበር መልሳቸው።
ምርቃታቸውን ልጠቅስለት አልሁና፣
በጉ አሳለ። ተውሁት እንደገና።

ስልኩን ዘግቼ ገፈፍሁት፦ ዓርማውን፣ በጉን፣ ሰማያዊውን፣
ያቺን ጆሮ ጠቢ ነጥብ፣ አስቸኳይ የሚለውን ቀዩን።
የቀረው እንደ መንዝ ባና ነው፤
ጌጥ የለው፣ ይኮሰኩሳል፣
ለብርድ ግን ይደርሳል።
ከዚያ ቃል በቃል፣ በአንድ ጣት፣ በጥቁር፦

የበግ ፈንጣጣ ክትባት።
መሐል ሜዳና ዙሪያዋ።
ታኅሣሥ 31፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

ሠላሳ አንድ?

ጣቴ ቆመ።
ወር እኮ ሠላሳ ነው፤ ያልተማረም ያውቀዋል፤
ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን በየትኛው አገር ይውላል?
ሰማያዊው ሳጥን ውስጥ፣ ነጭ በነጭ ተጽፎ፣ እንዴት አምሮበት ነበር!

የመጡትን መልሶች አንድ በአንድ ከፈትሁ።
ስድስት ወረዳ። ስድስት ምስጋና።
«እጅግ ያምራል» ይላሉ።