ጠጉር በኩል፣ ሥጋ በኩል

ከማናማ ማዶ፣ ከድልድዩ ወዲህ፣
የዕንቁ ነጋዴ ቤት ነበረ ከዚህ።
የጠላቂዎቹን ዕዳ ይቆጥርበት የነበረው ክፍል
አሁን ይበርዳል፤ ዕቃው ሁሉ በቁጥር፣ ዕቃው ሁሉ በውል።
መስተዋት ወልዋይ ነኝ። ማርያ ይሉኛል።
ስሜ አይደለም እሱ፤ ለአፋቸው ይቀላል።

ማክሰኞ ሰቢካ ጠራችኝ፣ ጓንቷን አጥልቃ፣
ነጭ ስፖንጅ ላይ አንድ ቅጠል ብራና ዘርግታ፣ ተጨንቃ።
«ያንቺ አገር ፊደል ነው፤ ታነቢው ይሆን?» አለች።
ጓንቱን ሳትሰጠኝ አውራ ጣቴ ቀድማ ጠርዙን ነካች።

አባቴ መሪጌታ ነበር፣ ዓይኑን ፈንጣጣ የወሰደበት፤
ብራናን በጣቱ ይለያል፣ ጠጉሩ በየት፣ ሥጋው በየት።
ይል ነበር፦ «ጠጉር በኩል ይሻክራል፣ ሥጋ በኩል ይለሰልሳል፤
ፍየሉ ሞቶም ቢሆን የለበሰውን ያስታውሳል።»
ዳዊት ያስተማረኝ ዓይን እንድሆነው ነበረ፤
ያ ዓይን ነው ባሕር ተሻግሮ፣ መስተዋት ሲወለውል የኖረ።

ገጹ ላይ ማርቆስ ተቀምጧል፣ ብርዑን ይዞ በእጆቹ፣
ከኋላው የጠራው ሰው እንዳለ፣ ወደ ጎን ያያሉ ዓይኖቹ።
ሐረጉ ቀይና አረንጓዴ፣ ተጠላልፎ ይወርዳል፤
ቢጫው ተልጧል፣ ጥቁሩ ግን የትናንት ማታ ይመስላል።
አንድ ቀዳዳ አለ፣ ፍየሏን መዥገር የነከሳት ቦታ፤
ፋቂው በጅማት ሰፍቶት፣ ጸሐፊው ዞሮት አለፈ፣ ቃሉን ለሁለት ከፍሎ በዝግታ።
ከግርጌው የጧፍ ሰም ጠብ ብሏል። ከዳሩ ወዝ አለ፣ የአውራ ጣት፣
አንዱ ከአንዱ እየተቀበለ፣ እዚያው ቦታ ላይ የገለጡት።

በግራ ግን ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ምላጭ ሄዶበታል።

«ጥራዙ በአንድ ቢሸጥ አንድ ዋጋ ነው» አለች፣
«ቅጠል በቅጠል ግን ሰማንያ ገዢ አለው።»
መዝገቧን ከፍታ ከታች ወደ ላይ ሞላች፦
ይህ ቤት። በፊት ጨረታ፣ ቁጥር መቶ አሥራ አራት። በፊት ጄኔቫ የኖረች
አንዲት መበለት። በፊት ባሏ። በፊት ሀጎፕ የሚባል፣
ፒያሳ ሱቅ የነበረው ሰዓት ጠጋኝ፤ «ደረሰኝ የለውም» ይላል።

ከእሱ በፊት ሰረዝ። አምስት መቶ ዓመት፣ በአንዲት አጭር ሰረዝ።

መብራቱን አጥፍታ ሌላ መብራት፣ ሐምራዊውን ስታመጣ፣
ከተፋቀው ቦታ፣ ትንፋሹ ሊያልቅ እንደ ደረሰ ጠላቂ፣ ፊደሉ ሽቅብ ወጣ።
«ዝንቱ መጽሐፍ ዘእኅተ ጽዮን»፤
ሰባት በሬ ከፍላ ያስጻፈችው፣ ስለ ልጇ ነፍስ፣ በምሕርካ ድንግል ቀለም።
በላይዋ የወንድ ስም አለ፣ ወፍራም፣ የቸኮለ፤
እሷን ፍቆ ወርሷታል፤ የከፈለው ነገር የለም።

ስም በስም ላይ። አውቀዋለሁ ይህን ሥራ።
ጥሩዘር ነኝ፤ ማርያ ያሉኝ ስመጣ፣ እንዳይከብድ ሲጠራ።
መጀመሪያ ሪፋ በአንድ ከፊል፣ ከዚያ በሌላ፣ ከዚያ በሦስተኛ፣
ፓስፖርቴ ከመሳቢያ መሳቢያ ሲዛወር፣ እኔ ስከተለው እንደ መልእክተኛ።
በነሱ ቋንቋ ከፊል ዋስ ነው፣ በእኛ ቋንቋ ከፊል ግማሽ፤
ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ቅጠሏን ጠይቂያት፣ እሷ ትንገርሽ።

«ሌላስ ምን ይላል?»
«ዘሰረቆ ወዘሤጦ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ለይኩን።»
«ምን ማለት ነው?»
የሰረቀው፣ የሸጠው፣ የፋቀው፣ የተረገመ ይሁን።
ማቀዝቀዣው ብቻ ይሰማል።
ቆይታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «የገዛውንስ ይረግማል?»
ጎንበስ ብዬ ደግሜ አየሁ። «የገዛ የሚል የለም፤
ቅጠል ብቻውን የሚገዛ ይመጣል ብሎ ጸሐፊው አላለም።»
አልሣቀችም። እኔም።

መዝገቡ ላይ አንድ ሳጥን ቀረ፦ አንባቢ።
«ሙሉ ስምሽ?» «ጥሩዘር።» «እንደገና» አለች፤
«ጥ» ላይ ተደናቀፈች፣ ሦስት ጊዜ ሞከረች፣
በመጨረሻ ጻፈችው። በእርሳስ ጻፈች።
«ደንብ ነው» አለችኝ፣ «ከብራና አጠገብ ቀለም አይቀርብም።»
ላጲሱን አየሁት፣ ከመብራቱ ሥር። ነጭ ነው፤ ገና አልተነካም።