የኦርቪል ሱዙኪ

አማቴ ኦርቪል ከባልቲሞር ወደብ ሲያመጣት፣
«መኪና ናት?» አልኩት፣ «ወይስ የመኪና ጫጩት?»
መሪዋ በስተቀኝ፣ ጎማዋ የጋሪ፣
ሞተሯ ሚጢጢ፣ ድምጿ አንጎራጓሪ፤
በሯ ላይ መንደሪን፣ ግማሹ የለቀቀ፣
የአንድ ማሳ አርማ፣ ከዚህ እጅግ የራቀ።

ቅዳሜ ዘነበ። የዌስት ቨርጂኒያ ጋራ
በጭጋግ ተሸፍኖ፣ መንገዱም ሳይጠራ፣
እኔ በፒክአፔ ከፊት እየነዳሁ፣
«ሲይዝህ ጥራኝ» አልኩት፣ «እጎትትሃለሁ!»

ከድሮው የከሰል ጉድጓድ ትንሽ ወደ ላይ
ያ ቀይ ጭቃ አለ፣ ገደል የሚያሳይ።
ረገጥኩት። አጓራ። ሰጠመ እስከ ሆዱ፤
ስምንቱ ሲሊንደር ለጭቃው ሰገዱ።

ኦርቪል ከኋላዬ፣ ድንጋይ እየመረጠ፣
እንደ ፍየል ረግጦ በጎኔ አመለጠ።
ገመድ ወረወረ፤ አንዴም አልሳቀብኝ
(በሱ ቦታ ብሆን፣ ለዓመት የሚበቃ ወሬ ነበረኝ)።

ገመዱን ልናስር ወደ ኋላ ስትል ግን
አንዲት ሴት ተናገረች ከውስጧ፣
በጃፓንኛ፣ ቀስ ብላ፣ ደጋግማ።
«ምን ትላለች?» አልኩት።
ኦርቪል ኮፍያውን አንስቶ እስክትጨርስ ሰማ።
«እንጃ» አለ።
«እኔ ሁልጊዜ፣ እሺ እመቤቴ፣ እላታለሁ።»