ተመላሽ

በየወሩ በአምስት፣ ቦምቤይ በዝናብ ስትርስ፣
ስልሳ ሁለት ሩፒ ይዤ በቦርሳ ኪስ፣
እሄዳለሁ ከጃምናዳስ ሱቅ፣ ከጨርቅ መደርደሪያው ሥር፣
ከአከራይ አፍ አንዲት ቃል ተቀብዬ ለመዞር።

«ከሦስተኛው ፎቅ ነው፤ ከጎዳቨሪ ባይ፤
ፈርምልኝ» ስለው፣ ዓይኑን ሳያነሳ ከሚለካው ሐር ላይ፣
«እምቢ ብሏል ብለህ ጻፍ» ይለኛል፤ እጽፋለሁ።
ፖስተኛ አይፈርድም፤ የሰማሁትን እከትባለሁ።

ሠላሳ ስምንት ደረጃ ነው በሁለቱ መካከል፤
ወርዳ በእጁ ብትሰጠው ባንድ ትንፋሽ ያልቃል።
ሰጥታውም ነበረ፣ ባሏ የሞተ ሰሞን፤
እሱ ግን በመቀስ ጫፍ ገፋባት ገንዘቡን፤
«ውሉ ከባልሽ ጋር ተቃጥሏል» አለና፣
ዞር ሳይል ወደ እሷ፣ ጨርቁን ለካ እንደገና።

እውነቱን ልናገር፤ ኪራዩ የድሮ ነው፤
ለጣሪያው ቆርቆሮ እንኳ አይበቃም፤ አውቃለሁ።
ግን ኪራይ አልቀበልም ያለ የቤት ጌታ
ለጋስ እንዳይመስልህ፤ አይደለም ስጦታ፤
ወር በወር ላይ ቆልሎ፣ አድፍጦ ይጠብቃል፤
ዕዳ የሆነ ለት፣ «አልከፈለችኝም» ብሎ ይከስሳል።

«ተከራይ የሚባረረው በዝምታው ነው» አለችኝ፣
አንድ ቀን ከበሯ ላይ ገንዘቧን ስትቀበለኝ፤
«ማቅረቤን ወረቀት እስከመሰከረ፣
እምቢታው የሱ ነው፤ እኔጋ ዕዳ አልቀረ።»
ፊደል የቆጠረችው እስከ አራተኛ ክፍል፤
አንቀጹን ግን ታውቃለች፣ የወጧን ጨው ያህል።

ተመላሹን በሙሉ በሽቦ ትሰካለች፤
ከምድጃው በላይ፣ ከጢሱ አርቃ፣ ትሰቅላለች።
አጥማጆች በባሕሩ ዳር ዓሣ እንደሚያደርቁ፣
የጃምናዳስ እምቢታዎች በሽቦ ላይ ደረቁ።

ውሃ ዘጋባት፤ ከጎረቤት ባልዲ ቀዳች።
የደረጃውን አምፖል ነቀለ፤ በዳበሳ ወጣች።
ጣሪያው አፈሰሰ፤ ድስት ደርድራ ተኛች።
ኪራዩን ግን፣ ወሩ በገባ በአምስት፣ ላከች።

ዘጠኝ ዓመት። ወረቀቱ መቶ ስምንት ሆነ።
የጸሎት መቁጠሪያዋም ፍሬው በዚሁ ቁጥር የተወሰነ።

ችሎት ቀረብን። ጠበቃው፣ ጥቁር ካባ ለብሶ፣
«ክቡር ሆይ፣ አንዲት ሩፒ አልሰጠችም» አለ፣ ድምፁን አለስልሶ።
እሷ ሽቦውን አወጣች ከዘምቢሏ ውስጥ።
ዳኛው ቆጠሩ። ማራገቢያው ዞረ።
ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሦስት ጊዜ አሳለ።
«ይህ የማን ጽሑፍ ነው?» አሉ፣ መነጽር ከፍ አርገው።
«የኔ ነው፣ ክቡር ዳኛ።» «ቃሉስ?» «የእሱ ነው።»

ይኸው ነበር በቃ ምስክርነቴ፤
ስናገር የሰማኝ ሰው የለም፣ ከሚስቴ በቀር፣ በሕይወቴ።

«ቤቱን አታስለቅቅም፤ ውሃዋን ክፈትላት፤
የዘጠኝ ዓመቱንም ኪራይ፣ ካሻህ፣ ተቀበላት።»

ጃምናዳስ በአምስት ፈረመ። ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደ።
ይዤላት ስወጣ፣ ደረሰኙን ሁለቴ አነበበች፤
ከሽቦው ላይ ግን አልሰካችውም፤
ከባሏ ፎቶ ጀርባ ሸጎጠች።

ማታ ወደ ሰፈሬ፣ ጉልበቴን እያሸሁ፣
አሥራ አራት ዓመት የኖርኩባትን ክፍል በር ላይ አየሁ፤
ኪራይ ሁሌ በእጅ፣ ሁሌ በእምነት፣ በፈገግታ፤
የሌላ ሰው ወረቀት ሳመላልስ ጠዋት ማታ፣
የራሴ አንዲት ቁራጭ የለችኝም።

አከራዬ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ቆጠርኩለት።
አጠፈና ከኪሱ ከተተ።
አልሄድኩም።
«ምነው ዳታራም? ጎደለ እንዴ?» አለኝ።
እጄን ዘርግቼ ቆሜ ቀረሁ፤
«ደረሰኝ» ስል፣ የገዛ ድምፄን
እንደ ጎረቤት ድምፅ፣ ከግድግዳ ወዲያ ሰማሁ።