ሁለተኛው ጥቅል

የኦረስት ምድር ቤት ኮምጣጤ ይሸታል፤
ፊልም ሲያረጅ ይኮመጥጣል፣ ይጠብባል፣ ይሞታል።
ውጪ ዊኒፔግ ናት፣ ጥርስ የሚያፋጭ ጥር፤
ከደረጃው በታች ሦስት መቶ ቆርቆሮ፣
በየክዳኑ ላይ በእርሳስ የጻፈው ቁጥር።

አንድ ሳምንት ታይተው ከግድግዳ የወረዱ፣
በሠሪዎቻቸው እንኳ ቀድመው የተካዱ
የድሮ ድራማዎች።
ዝነኛ አያስገባም፤ «ዝነኛማ ዘመድ መች ይጎድለዋል፤
እነዚህን እኔ ካልጦርኳቸው ማን ይጦራቸዋል?»

አርብ ማታ አራት ነን፤
ሊጋያ ከፋርማሲ ወጥታ በወፍራም ካልሲዋ፣
እጇን እያሞቀች በሻይ ብርጭቆዋ፣
ጎርድ፣ ባቡር ነጂ የነበረው፣ መብራት ሲጠፋ የሚያንኮራፋው፣
እኔ፣ ወንበር የምዘረጋው፤
እሱ ራሱ፣ ከማሽኑ ኋላ የሚያደፍጠው።

ከሁሉም አንዷን ይወዳታል፤ ርዕሷ ተቀዶ ስም የላት፣
ከሦስት ጥቅል መካከለኛው የጎደላት።
በመጀመሪያው፣ ሴትዮዋ ያልተከፈተ ደብዳቤ
ዱቄት ጣሳ ውስጥ ትቀብራለች፤
በሦስተኛው፣ ፀጉሯን ተቆርጣ
ባቡር ጣቢያ ብቻዋን ቆማ ትስቃለች።
በመሀል ምን ሆነ?
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሐራጅ ቤት፣ ለሟች ወራሾች ጻፈ፤
የመጣው መልስ ሁሉ «ይቅርታ» ብሎ አለፈ።
ታዲያ እዚያ ሲደርስ ማሽኑን አያጠፋም፤
ባዶ ብርሃን አንሶላው ላይ ይለቃል፣ አሥራ አንድ ደቂቃ፤
ያን ጊዜ ጎርድ እንኳ አያንኮራፋም።

አቧራ በጨረሩ ይዋኛል።
ሊጋያ ባልየውን ትገድለዋለች፣ ያለ ርኅራኄ፤
ጎርድ ያስታርቃቸዋል፤
እኔ ደብዳቤውን እከፍታለሁ፤ በየሳምንቱ
ሌላ ነው ቃሉ፣ ሌላ ነው ላኪው፣ ሌላ ጽሕፈቱ።

ኅዳር ላይ ከሳስካቱን አንድ ቆርቆሮ መጣ።
ሁለተኛው ጥቅል!
ከፈተው፤ ደርቆ፣ ተኮማትሮ፣ መስሏል ቋንጣ፤
ከማሽኑ ጥርስ አይገጥም፤ ቢነኩት ይፈረፈራል።
ኦረስት አልተቀመጠም፤ አልተሳደበም፤
ከስብርባሪው አንዲት ምስል አነሳ፣ ወደ አምፖሉ ጠጋ አለ።
ሴትዮዋ የለችም። ባልየውም።
የሾርባ ሳህን የያዘች አስተናጋጅ፣ ስሟ የትም ያልተጻፈ፣
ዓይኗ ተሳስቶ እኛ ጋ ያረፈ።

ባለፈው አርብ እንደ ልማዱ ብርሃኑን ለቀቀ።
ያው ነጭ አንሶላ፤
ግን ከነጩ ውስጥ ሰው የሚያየን መሰለን፤
ሊጋያ ካልሲዋን ሳበች።
በሰባተኛው ደቂቃ ጎርድ በጨለማው፦
«ሾርባው» አለ፣ «ቀዘቀዘባት እኮ።»