ከኤሊዎቹ በፊት

ገና አንድም ኤሊ የለኝም።
ያለኝ ስድስት ቆርቆሮ ነው፣ ሁለቱ ዝገት የበላቸው፣
ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ ለምኜ ያመጣኋቸው፤
ግማሽ ጆንያ አሸዋ ከአዌቱ ዳር፤
አንድ ባለ ካሬ ደብተር፣ ድሮ የሒሳብ የነበር፤
ደግሞም አንድ ስም፦ «የኤሊዋ ልጅ»።
እሷ ሳትመጣ በስሟ ተጠራሁ፣ ከደጅ እስከ ደጅ።

ሰፈሬ ቆጪ፣ በኦሮምኛ ኤሊ ቆጫ፤
የለያቸው አንድ የፊደል እግር ነው ብቻ።
ሸምሱ ባጃጁን አቁሞ ይሳለቃል፦
«ፊደሏን አርሚና ግቢ ሙንተሃ፣ ሥራሽ ያልቃል!»

ቢሮው ሦስቴ ሄድኩ። አቶ ተመቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው
«ዕድሜሽ?» አሉኝ፣ ማመልከቻዬን በሻይ ብርጭቆ ከልለው።
አሥራ ሰባት።
«ለፊርማ አንድ ዓመት ይቀርሻል፤ ያኔ ነይ።»
አንድ ዓመት ለኤሊ አንድ ቀለበት ነው፣ ጀርባዋ ላይ።
ለኔ ግን መንገድ ዳር የሚቀር ነገር ነው፣ ጎማ ሥር የሚገባ።

አባ ፊጣ ፈረሙልኝ፣ በርጩማ ጠራቢው፣ በኔው እስክሪብቶ።
«ዕድሜዬን የኖርኩት ለሦስት እግር ነው» አሉ፣ ጽፈው ሳይጨርሱ ገና፤
«የአራት እግሩን አንቺ ታውቂያለሽና።»
በረቱን ሲያዩ «ክብ ይሁን» አሉ፤ «ጥግ ያለው ቤት ኤሊ ያስጨንቃል።»
ልክ ናቸው። ደብተሬም ያውቃል።
ክብ አይሆንም አልኳቸው።
ለምን፣ አላሉኝም።

ከደብተሬ፦
ዳቦ በጭራሽ። ጎመን ጥቂት። ሣር፣ ሣር፣ እሾሁ የተላገ በለስ።
ስታነሺያት አታስደንግጫት፤
ለበጋ ያጠራቀመችው ውኃ ነው በፍርሃት የሚያመልጣት።
የእንቁላል ቅርፊት ከእትዬ ዘርትሁን ምግብ ቤት፤
ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ለድንጋይ ልብሷ።
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ሲባል እሰማ ነበር፤
እግሩን ከየት እንዳመጣው የገባኝ ሙቀጫው ሥር።

ችግሬ ሰማዩ ነው። እሷ የጊቤ ቆላ ልጅ፣
የኛ ዝናብ ደግሞ ሳያንኳኳ የሚገባ ወዳጅ።
ወለሉን ከፍ አደረግኩ። ቦይ ቆፈርኩ። መዳፌ ውኃ ቋጠረ።

«ለምን ኤሊ?» ይሉኛል።
ሹፌሮች ከመንገድ አንስተው ስለሚያመጧት፣
ልጆች ጀርባዋን ቀለም ስለሚቀቡባት፣ እላለሁ።
እውነት ነው። ከእውነቱ ግን አስቀራለሁ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። እንዳትጠፋብኝ ብዬ
ነስረዲንን ለመንኩት፣ ጋራዥ የሚሠራ ወንድሜን፦
ጫፏን ብቻ ብሳልኝ፣ እንደ ጆሮ።
መሰርሰሪያው ሲዞር አልጮኸችም።
ኤሊ አትጮህም። ዝም ያለ ሁሉ ያላመመው መሰለኝ።
ሲባጎ አስገብቼ ከጉሎው ግንድ አሰርኳት።
ክረምት ገባ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ አጋሮ ዘመድ ጥየቃ ሄድን፤ ረሳኋት።
ስንመለስ ጭቃው ላይ አንድ ክብ ነበር፣
ሲባጎው በፈቀደላት ልክ፣
ዞራ ዞራ የቆፈረችው፣ ውኃ የሞላው፣
በኮምፓስ የተሳለ የሚመስል።
እሷ መሃሉ ላይ አልነበረችም።
ጠርዙ ላይ ነበረች፣ ፊቷ ወደ ውጭ።

ነስረዲን ረስቶታል።
ሚስማር ሲያቀብለኝ ያፏጫል።

ትናንት ሌሊት ዘነበ። ባትሪ ይዤ ወጣሁ፣
ባዶው በረት ውስጥ በሆዴ ተኛሁ፣
አገጬን አሸዋው ላይ፣ እሷ ከምታይበት ከፍታ ልይ ብዬ።
ቆርቆሮው ጮኸ፣ ጮኸ።
ቦዩ ውኃውን ወሰደ። በአንድ በኩል ብቻ፣ ዝገት በበላው በኩል፣
ጠብ፣ ጠብ ይላል።
ጠብታው የሚያርፍበትን በጣቴ ምልክት አደረግኩ።

ነገ ሬንጅ እገዛለሁ።